የእግር ተራ

ቋንቋችን የሰውን ገላ ከሐኪሞች ቀድሞ ከፋፍሎ ለየክፍሉ ሥራ ሰጥቶታል። ርኅራኄን አንጀት ላይ አኖረው፤ አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ አንጀት ይላወሳል፣ ሲደላው ይርሳል። ድፍረትን ሐሞት ላይ አስቀመጠው፤ ሐሞተ ኮስታራ ጀግና ነው፣ ሐሞቱ የፈሰሰ ከሰው አይቆጠርም። ሆድ ቂምንም ምስጢርንም ትዕግሥትንም እንዲሸከም ተፈረደበት፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይሰፋል፣ ሆድ ይሻክራል። ማስተዋል የልብ ድርሻ ሆነ፤ ሽማግሌ ሲመክረን «ልብ በል» ይለናል እንጂ «አንጎል በል» ያለን የለም። ታዲያ ለጭንቅላት ምን ተረፈው? መዞርና መሳት። ናላ ይዞራል፣ ራስ ይሳታል። «ጭንቅላቱን ነክቶታል» ከተባለ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ስለ ዕብደት ነው የሚወራው።

በትርፍ ጊዜዬ ስንኝ ለመቋጠር የምሞክር ሰው ነኝና ይህን የአበው ካርታ እወደዋለሁ። ለግጥም ከአንጎል ይልቅ አንጀት ይመቻል። አድራሻው መሳቱን አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ግን ያስደንቀኛል። ሰው አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን፣ ፍርሃቱና ትዝታው፣ ንግግሩና እርምጃው የየራሳቸው ማደሪያ እንዳላቸው፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ቆሞ ሊቀር እንደሚችል ቋንቋችን አስቀድሞ ጠርጥሯል። ሳይንሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። መጥቶም ማደሪያዎቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገደማ በሚመዝን ለስላሳ ነገር ውስጥ አጎራቸው።

ሰኞ ለት የደሴን ገበያ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ገበያ ማለት ተራ ማለት ነው። የእህል ተራ አለ፣ የቅቤ ተራ አለ፣ የበርበሬ ተራ አለ፣ የበግ ተራ አለ። በርበሬ ፈልጎ ቅቤ ተራ የቆመ ሰው እስኪመሽ ይቆማታል። አንጎልም እንዲህ ነው። የዓይን ተራ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ነው፤ ማጅራቱን የተመታ ሰው ዓይኑ ሳይነካ ሊታወር የሚችለው ለዚህ ነው። የጆሮ ተራ በጎን ነው። ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ከሥር ተወሽቋል። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ተራ ደግሞ ከመሐል አናት ተነሥቶ እንደ ሻሽ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች ይወርዳል፤ የቀኙ ግራ እጅና እግርን፣ የግራው ቀኙን ያዛል። መቼም ይህን ስል እያንዳንዱ ተራ በራሱ አጥር ውስጥ ተዘግቶ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ወጥ የምትሠራ ሴት ከሁሉም ተራ ትገዛለች፤ የዛሬዎቹ ሊቃውንትም ከተራዎቹ እኩል በተራዎቹ መካከል ስላሉት መንገዶች ይጨነቃሉ። የመንገዱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምቦልቻ በምሠራበት ባንክ አንድ የእህል ነጋዴ ደንበኛ ነበሩን። ድምፃቸው ከበር የሚሰማ፣ ወረፋ የያዘውን ሁሉ እያሳቁ የሚገቡ ሰው ነበሩ። አንድ ክረምት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቃላቸው አብረው ሄዱ። ልጃቸው ደግፎ ሲያመጣቸው የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «አብሽር»። ወሎ ላላደገ አንባቢ ልንገረው፤ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፣ ግን ከአይዞህ ይልቅ ሞቅ ይላል። ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ለሚፈተንም እንሰጠዋለን።

«ጋሼ፣ ስንት ይከፈልዎ?»

«አብሽር።»

ይህን ብለው ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያወጣሉ። ሦስት ጣት፤ ከዚያ እጃቸውን ጨብጠው ይከፍቱና አምስት ጣት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ገንዘቡን በግራ እጃቸው እያገላበጡ ይቆጥራሉ፣ አንዲት ብር ብትጎድል «አብሽር!» ብለው ያፈጡብኛል። ቃሏ ያው አንዲቷ ናት፤ ዜማዋ ግን ይለያያል። ስትጠይቅ ከፍ፣ ስታመሰግን ዝቅ፣ ስትቆጣ ጠንከር ትላለች። ቃላቱ የተቀመጡበት ተራ ተቃጥሏል፤ ቁጥሩ፣ ዜማው፣ ቁጣው ግን በሌላ ተራ ነበሩና ተርፈዋል። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች «ምስኪን፣ አእምሯቸውን ሳቱ» ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ግን ደብተራቸውን ስለማውቀው ከእኒያ ከሚያዝኑላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደሳቸው ሒሳብ እንደማይችሉ አውቃለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ፈረንሳዊው ሐኪም ስለ ፖል ብሮካ ሳነብ ደንበኛችንን አገኘኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል የ51 ዓመት ሰው ወደ ብሮካ መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ሆስፒታል የኖረ ሰው ነው። ስሙን ቢጠይቁት፣ ሕመሙን ቢጠይቁት መልሱ «ታን» ብቻ ነው፤ «ታን፣ ታን»። ሰውም ሁሉ ታን ብሎ ይጠራው ነበር። ቁጥር ሲጠይቁት ግን የግራ እጁን ጣቶች እየከፈተና እየዘጋ ይመልስ ነበር። ሰውየው በቀናት ውስጥ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን አወጣው፤ ከግራው ግንባር ኋላ ያለው ክፍል ተጎድቶ አገኘው። ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። ከ13 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ሌላ ጉዳት አሳየ፤ ይህኛው ሰው ያለ ችግር ይናገራል፣ ቃላቱ ግን ትርጉም የላቸውም፣ የሚነገረውንም አያስተውልም። መናገርና መረዳት እንኳ ሁለት ተራ ናቸው ማለት ነው።

በሰዎች ጉዳት ብቻ ሲሳል የኖረው ካርታ በሰው እጅ ወደ መሳል የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ፍሪትሽና ሂትዚሽ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የውሻን አንጎል በጥቂት ኤሌክትሪክ ነክተው እግሩን አንቀሳቀሱት። ከዚያ በሞንትሪያል የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ መጣ። አንጎል ሁሉን ሕመም የሚሰማ ሆኖ ሳለ ራሱ ቢነካ አይታመምም፤ ስለዚህ ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ነቅተው ሳሉ፣ እያነጋገረ ይቀድዳቸው ነበር። እዚህ ሲነካ አውራ ጣት ይዘላል፣ እዚያ ሲነካ ከንፈር ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1937 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ካርታ መልኩ አስቂኝ ነው። በአንጎል ውስጥ እጅና ምላስ የሰፊ አገር ባለቤቶች ናቸው፤ ግዙፉ ጭን፣ ሰፊው ጀርባ ግን በጠባብ ቁራሽ ተወስነዋል። ደግሞ ሰውየው የተሳለው ተዘቅዝቆ ነው፤ ፊትና ምላስ ከታች በጆሮ በኩል፣ እጅ ከፍ ብሎ፣ እግር ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ አናት ላይ። እንዲያውም እግር አናት ላይ ደርሶ ሁለቱ የአንጎል ገበሮች በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይገባል።

እግር አናት ላይ ነው! ይህን ሳነብ የተነሣሁት ከወንበሬ ነው። አጎቴ ትዝ አለኝ።

ጓያን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ዝናሙ ሊያባራ ሲል፣ ሌላው ሰብል ወይ ጎርፍ ወስዶት ወይ ፀሐይ አቃጥሎት ሲያበቃ፣ በዋልካ መሬት ላይ ያለ ብዙ እርሻ ተዘርቶ በተረፈችው እርጥበት የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ድርቁን ይችላል፣ ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል። ሽሮው ይጣፍጣል። በደግ ዘመን ከሌላው እህል መሐል ሆኖ ሲበላ ክፋቱ እምብዛም አይታይም። በክፉ ዘመን ግን ሌላው እህል ሁሉ ሄዶ እሱ ብቻውን ይቀራል፤ ለሁለት ለሦስት ወር ጠዋትም ማታም ጓያ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው የሚሰብረው። የሚሰብረውም እግርን ብቻ ነው። እጅን አይነካም፣ ምላስን አይነካም፣ ትዝታንና ማስተዋልን አይነካም። ከዘመኑ ሁሉ ጎበዝ ወጣት ወንዶችን ይመርጣል። አንዴ ከሰበረ በኋላ አይብስም፣ አይሻልም፤ መድኃኒትም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ይህ ነገር ደላንታና ዳውንት ላይ ወረደ። ደላንታ ከደሴ በኩታበር አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዋና ከተማው ወገል ጤና ነው። ከ2000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነው።

ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ስምንቴ ነበር። እንደነገረኝ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመለስ ባቱን ቁርጥማት ያዘው። በማግሥቱ እግሮቹ የሌላ ሰው እግር ይመስል ከበዱት። በሳምንቱ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ በጣቶቹ ጫፍ እየቆመ፣ ጉልበቶቹ እየተፋተጉ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጣለፉ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ በአንድ ምርኩዝ፣ ከዚያ በሁለት። ሐኪሞችም ይህን በሽታ የሚደለድሉት በምርኩዝ ቁጥር መሆኑን ሳነብ አዘንኩ፤ ምርኩዝ የማያሻው፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ የሚድኸው። አያቴ እስክትሞት ድረስ ያመነችው እንፋሎቱ ነው ብላ ነው። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እግሩን መታው፣ «እኔ ነኝ ድስቱን በበሩ በኩል የጣድኩት» ትል ነበር። ይህ እምነት የእሷ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ የጓያ እንፋሎት ይፈራል፣ ባበበ የጓያ ማሳ መሐል ማለፍም ይፈራል። ፍርሃቱ ልክ ነበር፤ ያረፈበት ቦታ ነው የሳተው።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተጭኖ ደሴ እኛ ቤት መጣ። ትምህርቱን ማታ ማታ ጨረሰ። የእጅ ጽሑፉ እንደ ቁም ጸሐፊ ጽሑፍ ስለሚያምር ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ዛሬም የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤቱ በበዛበት ዘመን፣ ከፍርድ ቤት ራቅ ብሎ ከአንድ ግንብ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ በቢክ እስክሪብቶ የሰውን በደል ይጽፋል። አንደበቱ ስለት ነው። ባለጉዳይ ገና በእግሩ አይቶት ሲያመነታ፣ ወይም ከሱ ይልቅ አጠገቡ ያለሁትን እኔን ሲያናግር፣ አጎቴ ሁልጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችው፤ «ወንድሜ፣ የታመምኩት እግሬን ነው፤ ጭንቅላቴ ደህና ነው።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ሥራ አገኘባት። በዚህችው ሊያገባ የጠየቃትን ልጅ ቤተሰቦች ሊያሳምንባት ሞክሮ ነበር። እነሱ ግን «በዘር ይተላለፍ ይሆናል» ብለው ከለከሉት። በዘር አይተላለፍም፤ ያኔ ይህን የሚነግራቸው አልነበረም።

አንባቢዬ ችግሬን የተረዳኝ ይመስለኛል። እኔ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበት ነገር ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያፈርስ ነው። የአጎቴ እግሮች አልታመሙም። ጡንቻቸው አለ፣ አጥንታቸው አለ፣ የሚወጋቸውም ይሰማቸዋል። የተጎዳው አናቱ ውስጥ ያለው የእግር ተራና ከዚያ ተነሥቶ በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው መንገድ ነው። ከጭንቅላት ወደ ሰውነት ከሚወርዱት ክሮች ሁሉ ረጅሞቹ እስከ ወገብ የሚደርሱት የእግር ክሮች ናቸው፤ ሊቃውንቱ እግርን መርጦ የሚመታበትን ምክንያት ሲያስቡ ከሚጠቅሱት አንዱ ይህ ርዝመታቸው ነው። መርዙን የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ነጥለው አውጥተውታል። አሠራሩ ለባንክ ሠራተኛ ግልጽ ነው። በአንጎል ኅዋሶች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የጓያው መርዝ መልኩ ከእሱ ጋር ይመሳሰላል። የተመሳሰለ ፊርማ ነው። ኅዋሱ ፊርማውን አምኖ ይከፍላል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይከፍላል፤ ያለ ዕረፍት ሲከፍል ካዝናው ባዶ ይሆንና ይሞታል። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ከሦስተኛው ቼክ በኋላ አንድ ሰው ይጠረጥር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። የሚገርመው ደግሞ የስፔኑ ሠዓሊ ስም ነው፤ ጎያ! እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ማድሪድ ስትራብ ሕዝቡ የኖረው በጓያ ዱቄት ነበር። ጎያም «የጦርነት ሰቆቃዎች» በሚባሉት ሥዕሎቹ ውስጥ አንዱን ለጓያ ሰጠው፤ ርእሱን በግርድፉ ብንመልሰው «ተመስገን ለጓያ» እንደማለት ነው። ያተረፈቻቸውም የሰበረቻቸውም ያችው ናትና ይህ ምስጋና ፌዝ ይሁን እውነት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በሮማንያ እጅ በነበረው የቫፕኒያርካ የእስረኞች ሰፈር ለአይሁድ እስረኞች ጓያ ይቀርብላቸው ጀመር፤ ብዙዎቹም እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ ሐኪም ነበር፤ አርተር ኬስለር ይባላል። ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ያወቀው እሱ ነው። ደላንታ ላይ ግን ጓያን በግድ ያቀረበ የእስር ቤት አዛዥ አልነበረም፤ ያቀረበው ሰማዩ ነው።

ጥናቶቹ መፍትሔም አላቸው። ጓያን ቆሎና ንፍሮ አድርጎ፣ ወይም እሸቱን ጥሬውን መብላት አደጋውን ያከብደዋል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል በተሠራ ወጥ መብላት ያቀልለዋል። ዶክተር ኃይለየሱስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት በችግር ጊዜ የሚታደለው የእርዳታ እህል በጊዜ ደርሶ ከጓያው ጋር ቢቀላቀል አደጋው ይቀንሳል። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ሳነበው ምሬት ይተናነቀኛል። መርዙን የሚያበርደው ሌላ እህል ነው፤ ሌላ እህል ቢኖርማ ጓያን ለብቻው የሚበላ ማን ነው? «ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል ያገሬ ሰው። ጓያ በማጭድ አይታጨድም፣ በእጅ ይነቀላል፤ ነቃዩ አጎንብሶ ከፊቱ ያለችውን ብቻ ነው የሚያየው። አርቆ አላሰበም ብለን ስንተርትበት ቀና ለማለት ጊዜ ማን እንደሰጠው አንጠይቅም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ሲደርስ ከተማው በሌሊት ወጣ። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ በእግሩ፣ ልጁን አዝሎ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻና ከዚያም ወዲያ ወረደ። እናቴን ይዤ ስወጣ አጎቴ በሩ ላይ በሁለት ምርኩዙ ቆሞ ነበር። ተሸክሜው ልሂድ ብል አልቀበል አለ። «እግር ያላችሁ ሂዱ፤ እኔ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው እነሱም አያጡም» ብሎ ቀለደ። ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ ስንገባ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ አገኘነው። በእነዚያ ሳምንታት ምን እንደ ሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው «የታመመው ጭንቅላትህ ነው» ልል የነበረው። ለወራት ይዤው ቆየሁ። አንድ ቀን ልናገር እነሣና ያች ዓረፍተ ነገሩ ትመጣብኛለች፤ የኖረባት ምርኩዝ እሷ ናት፣ ሦስተኛዋ። ዝም ልበል ስል ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ እግሮቹን ሲረግም፣ ማታ ማታ በቅባትና በጨው ውሃ ሲያሽ፣ «እናንተ ከሐዲዎች» ሲላቸው የሰማሁት ትዝ ይለኛል። ያልበደሉ እግሮች ናቸው። የሰውን በደል ሲጽፍ የሚውል ሰው ያለ ጥፋታቸው የሚከሰሱ ሁለት እግሮች ይዞ እንዲኖር መተው ለእኔ ከበደኝ።

በመጨረሻ የነገርኩት ጠረጴዛው ዘንድ ነው፤ ባለጉዳይ ባልነበረበት ሰዓት፣ ሻይ ይዘን። ካርታውን በማመልከቻ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣልኩለት። ምላስን ከታች፣ እጅን ከመሐል፣ እግርን ከላይ። መንገዱን ወደ ታች በረጅም መስመር አወረድኩት። እሱም ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ።

«ቆይ» አለኝ። «እግሬ ደህና ነው ማለትህ ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እጅና ምላሴም ደህና ናቸው።»

«ናቸው።»

«እንግዲያ ደሴም ደህና፣ ኮምቦልቻም ደህና፤ የተዘጋው ሐረጎ ነው በለኛ!»

ሳቀ። እኔ መሳቁን አልቻልኩበትም። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው ሐረጎ፤ ክረምት ላይ ናዳ ሲወርድበት ሁለቱ ከተሞች በየቦታቸው ሙሉ ሆነው እንዳሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነገር አይኖርም። ብዙ ገጽ ያነበብኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። የመጻሕፍቱን ጸሐፊዎች እንጃ እንጂ እኔ ከዚያ ወዲያ የሚሻል ማብራሪያ አላገኘሁም።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ያችን ዓረፍተ ነገር ግን ወሰድክብኝ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን እንደያዘ ቆየና፣ «የእግሩ ተራ የቱ ጋ ነው? በወረቀቱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ» አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ ከመሐል ሳስቷል። ተነሥቼ ከኋላው ቆምኩና ጣቴን አናቱ ላይ፣ ከመሐል ጥቂት ወደ ኋላ አሳረፍኩት። የራስ ቅሉ ሙቀት ተሰማኝ። እሱም እጁን አንሥቶ ጣቴ ያለበትን ቦታ ዳበሰ፤ እንደ ዕውር ዳበሰው።

«እናቴ ቅቤ የምታደርግልኝ እዚህ ላይ ነበር» አለ። «እግሬን በታመምኩ ጊዜ ባቴን ስታሽ፣ ባቴን ስታሽ ኖረች። በመጨረሻ ደክሟት ቅቤዋን አናቴ ላይ ታደርግልኝ ነበር። እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ እጇን እገፋው ነበር።»

አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ጠረጴዛው አጠገብ መጥተው ቆሙ። እግሩን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። «እሱ ነው የሚጽፈው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። አጎቴ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። አፉን ሊናገር ከፈተና ያችን የለመደውን ቃል ሳይላት ተወት አደረገ። የሣልኩለትን ካርታ በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ ንጹሕ ወረቀት ሳበ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሱ ነቀለ።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አላቸው። «በደልዎን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»